በሚሠራበት ሁኔታ እንድመልሰው ስለታዘዝኩት ራውተር

ለተከበሩ የኢንተርኔት አገልግሎት ድርጅት የደንበኞች ጉዳይ ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናዎ፣ ለቤተሰብዎ፣ በተለይም ተቋርጦ ለማያውቀው የቢሮዎ መስመር ያለኝን መልካም ምኞት በታላቅ አክብሮት እገልጻለሁ። እኔ ሠላሳ አንድ ዓመት በንብረት አስተዳደር ኃላፊነት አገልግዬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። «ጥያቄዎ ደርሶናል፤ በትዕግሥት ይጠብቁ» የሚል ደብዳቤ በዘመኔ ስንት ጊዜ እንደፈረምኩ ፈጣሪ ያውቃል። ስለዚህ ይህን የምጽፍልዎ እንደ ባዕድ ሳይሆን እንደ ቀድሞ የሙያ ባልደረባ ነው።

ታላቅ እህቴ በሌላ ከተማ የአልጋ ቁራኛ ከሆነች ሁለተኛ ዓመቷን ይዛለች። ሕመሙ ንግግሯን ስለወሰደው ስልክ አይረባንም፤ በየቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ በቪዲዮ እየተያየን እኔ የሰፈሩን ወሬ ሳወራላት እርሷ በቅንድቧ ትመልስልኛለች። ቅንድቧ ከድሮ አፏ የባሰ ይሳደባል። የእጅ ስልክ ኔትወርክ የቤታችንን ደጃፍ ስለማያልፍ፣ ይህ ሁሉ የሚሆነው ድርጅትዎ ከሰባት ዓመት በፊት በሰጠኝ ራውተር በኩል ነበር።

1ኛ. ራውተሩ በየአሥር ደቂቃው መቋረጥ ሲጀምር «የድጋፍ ዘመኑ አብቅቷል» ብላችሁ ስላልደበቃችሁኝ አመሰግናለሁ። ሌላ ገዝቼ እንዳልገጥም መስመራችሁ የሚቀበለው እናንተ የመዘገባችሁትን ዕቃ ብቻ ነው፤ የተመዘገበ አዲስ ደግሞ በወረፋ ነው። የወረፋ ቁጥሬን ስጠይቅም ቁጥሩ ራሱ በወረፋ እንደሚሰጥ ተነግሮኛል።

2ኛ. ኮምፒውተር የምትጠግነው የወንድሜ ልጅ አንድ ዘዴ አመጣች። በጎ ፈቃደኞች የሚሠሩት፣ ማንም ሊያየውና ሊያርመው የሚችል ነጻ ሶፍትዌር አለ፤ በፋብሪካው ሶፍትዌር ፈንታ ቢጫን አሮጌው ራውተር ነፍስ ይዘራል አለችኝ። የእኛ ሞዴል በዝርዝራቸው ባይኖርም አንድ የማናውቀው ደግ ሰው አስማምቶ ሁለት ፋይል አስቀምጧል፤ አንዱን ለሞዴሉ የመጀመሪያ እትም፣ ሌላውን ለሁለተኛው። የእኛ የትኛው እንደሆነ የሚናገረው በራውተሩ ሆድ ላይ የተለጠፈው ወረቀት ነው። እዚህ ላይ ጥፋቱ የእኔ መሆኑን አልክድም፤ ከመሥሪያ ቤት ይዤው በወጣሁት ልማድ ቤቴ ባለው ዕቃ ሁሉ ላይ የንብረት ቁጥር ለጥፌአለሁ፤ በራውተሩም ላይ፣ እዚያችው ወረቀት ላይ። ስንልጠው ጽሑፉ አብሮ ተነሣ። እኔም ትእዛዝ ሲሰጥ እንደኖረ ሰው «ሁለተኛው ነው» አልኩ። «ጋሼ፣ እርግጠኛ ነዎት? ይሄ እኮ እንደ ደብዳቤ ተሰርዞ አይጻፍም» አለችኝ። እርግጠኛ ነበርኩ፤ ጫነችው። የመጀመሪያው ነበር።

3ኛ. ራውተሩ ግን ጨርሶ አልሞተም። ቀይ መብራቱን እያርገበገበ ከፋብሪካ ይዞት የወጣውን ሶፍትዌር ይጠብቃል፤ ከዚያ ፋይል በቀር ሌላ አይቀበልም። ፋይሉ እስከ ዓምና በድረ ገጻችሁ ላይ ነበር፤ «ለደንበኞች ደኅንነት ሲባል» አንሥታችሁታል። እውነትም ደኅንነቴ ተሟልቷል፤ ወደ ቤቴ ምንም አይገባም፣ ከቤቴም ምንም አይወጣም።

4ኛ. ወረፋዬ ደርሶ አዲሱን ልረከብ ስመጣ፣ አሮጌው «በሚሠራበት ሁኔታ» ካልተመለሰ አዲስ እንደማይሰጥ የመስኮቷ ሠራተኛ በትሕትና መመሪያውን አሳየችኝ። «የሚሠራ ቢሆን ለምን እመጣ ነበር?» ልል ስል ዓይኔ አንቀጹ ላይ ዐረፈ። አንቀጹን አውቀዋለሁ። ከሃያ ዓመት በፊት በመሥሪያ ቤቴ ለንብረት ርክክብ ያረቀቅኩት እኔ ነኝ፤ አንዲት ነጠላ ሰረዝ እንኳ ሳትጎድል ቀድታችሁታል። «ጉድጓድ አርቀህ አትቆፍር፤ ማን እንደሚገባበት አይታወቅም» የሚለውን ተረት በወቅቱ ባስብበት ኖሮ ዛሬ ከውስጡ ሆኜ ባልጻፍኩልዎ ነበር።

ካሣ አልጠይቅም፤ ይቅርታም አልጠብቅም። የምለምነው አንድ ፋይል ነው፤ እርስዎ ዘንድ የተቀመጠ፣ ለማንም የማይጠቅም፣ ከእኔና ከአንዲት በሽተኛ በስተቀር።

የመመሪያዎ አባት፣ የመስኮትዎ ደጅ ጠኚ፣ ምንጊዜም አክባሪዎ፣
ጡረተኛው የንብረት አስተዳዳሪ

ማሳሰቢያ፦ እህቴ ዘጠኝ ሰዓት በደረሰ ቁጥር ፊቷን ወደ ስክሪኑ እንዲያዞሩላት ትጠቁማለች አሉ። ትናንት አስታማሚዋ በመደበኛው የቤት ስልክ ደውላ «ምን ልበላት?» ብትለኝ፣ ልማድ ክፉ ነውና «በትዕግሥት ትጠብቅ» አልኩ። ቅንድቧን ምን እንዳደረገችው አላየሁም። እርስዎም አላዩም፤ በዚህ እንኳ ዕድለኛ ነዎት።