ስለ ክሌፑሬጆ መንደር መግለጫና ስለ አንዲት ማክሰኞ

ለተከበርሽው እህቴ ለእትዬ ዊናርሲ፣ ባለሽበት ታይዋን ይድረስሽ፤

ሰላምታዬን ከማስቀደሜ በፊት አንድ ከባድ ጉዳይ ላሳውቅሽ እገደዳለሁ፤ ቆመሽ የምታነቢ ከሆነ ተቀመጪ። የአባባ ዋኔ ማዜም ካቆመ ዛሬ አሥራ ሁለተኛ ቀኑን ያዘ። የወፉ የቀርከሃ ቤት እንደ ወትሮው በየማለዳው ረጅሙ እንጨት ላይ በገመድ ይሳባል፣ ጥሬው ይቀርብለታል፣ ውሃው ይቀየርለታል፤ እሱ ግን ጠበቃዬ ሳይመጣ አልናገርም እንዳለ ተከሳሽ ጭጭ ብሏል። ጎረቤቱ ሁሉ ተራ በተራ እየመጣ ሐዘኑን ገልጿል። የመንደሩ ሹም ሐርቶኖም ሥራቸውን ትተው መጥተው፣ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ሽቅብ ከተመለከቱት በኋላ «ዕድሜ ነው» ብለው ሄደዋል። ከዚህ በቀር የሞተም የታመመም የለምና አትደንግጪ።

አሁን ወደ ሰላምታው ልመለስ። እንደምን ሰነበትሽልኝ? ጤናሽ፣ እንቅልፍሽ፣ ያ የሚያስቸግርሽ ወገብሽ እንደምን ነው? የምትጦሪያቸው አሮጊትስ ዛሬም ሾርባ በቀረበ ቁጥር ጨው አነሰው ይላሉ? የሰሞኑ አውሎ ነፋስ መስኮታችሁን ሳይነካ አለፈ? እኛ አላህ ይመስገን ደህና ነን። የእማዬ ጉልበት እንደ ድሮው ነው፤ ዝናብ ሲመጣ ከሬዲዮው ቀድሞ ይናገራል። አባባም ደህና ናቸው፤ ጡረታ ከወጡ ወዲህ የሚጽፉት መዝገብ ስላጡ መስጊድ ደጃፍ የሚለጠፈውን ማስታወቂያ በቀይ እስክርቢቶ እያረሙ ይውላሉ። እኔም ታናሽ ወንድምሽ ፕራሙጂ ደህና ነኝ።

ይህን ደብዳቤ የምጽፈው አንድ ነገር ልለምንሽ ነው። ነገር ግን የመንደር ጸሐፊ ነኝና ማመልከቻ ያለ አባሪ ማቅረብ እጄ እሺ አይለኝም፤ አባሪውን ታግሰሽ አንብቢልኝ። ጉዳዩ ባጭሩ ይህ ነው። የአኩሪ አተር ተምፔ ሠሪዋን የእማማ ሳሪንተንን ልጅ ሩሚያቲን ላገባ ብዬ ብጠይቅ፣ አባባ የቀን መጽሐፋቸውን ገልጠው ከለከሉኝ። እኔ የተወለድኩት ዓርብ፣ በፓሂንግ ገበያ ቀን ነው። እሷ ደግሞ በመዝገቡ መሠረት ማክሰኞ፣ በዋጌ ገበያ ቀን። ከሳምንቱ ጎን ለጎን ከሚዞሩት ከአምስቱ የገበያ ቀናት ፓሂንግና ዋጌ አንድ ጣሪያ ሥር ከገቡ፣ ከአራቱ ወላጆች አንዱ ዓመት አይሞላም ይላል መጽሐፉ። አባባ መነጽራቸውን አውልቀው «ለራሴ ፈርቼ አይደለም፤ ለእናትህ ነው» አሉ። እማዬ ከጓዳ ሆና «ለእኔ ከሆነማ እኔ ልጠየቅ» አለች። አልተጠየቀችም። በዚህ ላይ የታችኛው መንደር ሞተር ጠጋኝ፣ ያ ፀጉሩን በቅባት የሚያስተኛው፣ በአሥረኛው ቀን እሑድ ለሩሚያቲ ሽማግሌ ሊልክ መሆኑ ተሰማ። የሱ ቀን ሌጊ ነው፤ ሌጊ ከማንም አይጣላም። ስለዚህ በእጄ የነበረው አሥር ቀን ብቻ ነበር።

በዚሁ ሰሞን ወረዳው ከየመንደሩ መግለጫ ጠየቀ፤ በሰሌዳ ተጽፎ ቢሮው ደጃፍ እንዲሰቀል። እኔም ጻፍኩ። ክሌፑሬጆን በሰሜን የቲክ ደን፣ በደቡብ ወንዝ፣ በምሥራቅ የሹሙ አጎት ማሳ፣ በምዕራብ የሹሙ አማት ማሳ ያዋስኗታል። ሩዝ፣ ካሳቫ፣ ኦቾሎኒና ወሬ ታመርታለች፤ የመጨረሻው መስኖ አይፈልግም። መንገዷ አንድ ሲሆን አስፋልቱ እስከ ሹሙ በር ድረስ ሄዶ ደክሞታል። አንድ ጎሽ አላት፤ ሥራውን የእጅ ትራክተር ከነጠቀው ወዲህ በክብር ተቀምጦ ይበላል። ቅጹ የቱሪስት መስሕብ ይጠይቃል። ሹሙ «ፏፏቴ ብለህ ጻፍ» አሉኝ። ፏፏቴ እኮ የለንም ብላቸው «ወረዳው መጥቶ እስኪያይ ዝናቡ ይደርስልናል» አሉ። የነዋሪው ቁጥር ስድስት መቶ አሥራ አንድ ነው። ውጭ አገር ያሉት ሃያ አራት ሰዎች «የእኛን ሩዝ አይበሉ» ተብለው በሹሙ ትእዛዝ ተቀንሰዋል። አንቺም ከነሱ አንዷ ነሽ፤ በገዛ እጄ ነው የሰረዝኩሽ። ቅር አይበልሽ፣ ደንብ ነው።

ለዚሁ መግለጫ የልደት መዝገቡን ከየቤቱ ሰው ጋር ማመሳከር ነበረብኝ። ደንቡ ከየትኛው ቤት እንደሚጀመር ስለማይናገር ከተምፔ ቤት ጀመርኩ። እማማ ሳሪንተን የተቀቀለውን አኩሪ አተር በሙዝ ቅጠል እየጠቀለሉ፣ ቀና እንኳን ሳይሉ «የልጄን ልደት የምትጠይቀው ለመንግሥት ነው ወይስ ለራስህ?» አሉኝ። ለመንግሥት ነው አልኳቸው። «እንግዲያው የመንግሥትን ጆሮ ምን አቀላው?» አሉ። ሩሚያቲ ከጀርባቸው ቅጠል እየጠረገች ነበር፤ ሳቋን በቅጠሉ ሸፈነችው።

ከዚያ እማማ ሳሪንተን ነገሩን ያጫውቱኝ ጀመር። ምጡ የመጣባቸው አተሩን እሳት ላይ ጥደው ሳለ ነው። አዋላጇ ሲደርሱ ዶሮዎቹ ሰፍረው ነበር። የመስጊዱ ከበሮ ለመግሪብ ተመትቶ፣ ወንዶቹ ሰግደው ሲመለሱ ነው የልጅቷ ልቅሶ የተሰማው። እኔ እስክርቢቶዬን አስቀመጥኩ። መቼም ታይዋን ብትሆኚም አልረሳሽውም፤ በእኛ ዘንድ ፀሐይ ከጠለቀች ቀኑ አለቀ፣ የነገው ገባ ማለት ነው። ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው የመንግሥት ቀን መቁጠሪያ ግን እስከ እኩለ ሌሊት ይጎተታል። ሩሚያቲ ከመግሪብ በኋላ ከተወለደች የማክሰኞ ዋጌ ልጅ አይደለችም፤ የረቡዕ ናት፣ የክሊዎን ገበያ ቀን። መዝገቡን የጻፈው ሰው ሰዓቱን ሳይጠይቅ ከግድግዳው ላይ ገልብጦ ነው። መዝገቡን የጻፈው ሰው፣ በዚያን ዘመን የመንደሩ ጸሐፊ፣ አባባ ናቸው።

ሩሚያቲ ይህን ስትሰማ መጥረጊያውን ጣል አድርጋ «ታዲያ እስከ ዛሬ ልደቴ ነው ብዬ የጾምኩት የሌላ ሰው ቀን ነው በለኛ» አለች። ጾሙ ወደ ትክክለኛው ቀን ይዛወር እንደሆነ ጠየቀችኝ። ከሥልጣኔ በላይ መሆኑን ገለጽኩላት።

ነገሩን ለአባባ ለማቅረብ ሁለት ቀን ፈጀብኝ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ አንድ ፊደል ሳይሰርዙ የጻፉ ሰው መሆናቸውን እኛ ብንረሳ እንኳን እሳቸው አይረሱትም። በቁርስ ሰዓት የመዝገብ ማስተካከያ ቅጹን በሁለት እጄ ይዤ፣ እንደ አባት ሳይሆን እንደ ቀድሞ ጸሐፊ እንዲያዩልኝ ለመንኳቸው። አነበቡት። «የምታምጥ ሴት ፀሐይ ትቆጥራለች?» አሉ። ዶሮዎቹ ሰፍረው ነበር አልኳቸው። «ደመና ሲጠቁርም ዶሮ ይሰፍራል» አሉ። የመስጊዱ ከበሮስ ብላቸው «የዚያን ጊዜው ከበሮ መቺ ራት የሚቸኩልበት ሰው ነበር፤ ፀሐይ ሳትጠልቅ ነው የሚደልቀው» አሉ። አዋላጇ ከሞቱ ስድስት ዓመታቸው ነው፤ ሌላ ምስክር አልነበረኝም። አባባ ቅጹን አጣጥፈው ወደ እኔ ገፉትና «ስሕተት የለም» ብለው ሻያቸውን አነሱ።

ይሄኔ እማዬ ምድጃው አጠገብ ካሳቫ እየላጠች፣ ቢላዋዋን ሳታቆም፣ «የዚያን ዕለት ፋኖሳችንን ተሸክሞ ሳሪንተን ቤት የሄደው ማን ነበር?» አለች። በዚያን ጊዜ መብራት ገና አልገባም ነበር፤ በሰፈሩ የጋዝ ፋኖስ የነበረው በእኛ ቤት ብቻ ነው። እማዬ ቀጠለች። «እርስዎ ነዎት የወሰዱት። መስታወቱን ሰብረው አምጥተውት ሳምንት ሙሉ አኩርፌያለሁ። ታዲያ ያንን ፋኖስ ያበደርነው ለፀሐይ ነው?»

እትዬ፣ አባባ መነጽራቸውን ጠረጉት፤ ደግመው ጠረጉት። ከዚያ «እስክርቢቶ» አሉ። ፈረሙ። ፊርማቸው እንደ ድሮው ቀጥ ያለ ነው፤ ከሥሩ ግን «በወቅቱ አየሩ ዝናባማ ነበር» የምትል አንዲት መስመር ጨምረዋል።

ፈርመው እንዳበቁ መጽሐፋቸውን አወጡ። የእኔን የዓርብ ፓሂንግና የእሷን የረቡዕ ክሊዎን ቁጥር ደመሩ፣ ስምንት ስምንት እየቀነሱ ወረዱና የቀረውን ሲያዩ ፊታቸው ፈካ። «ፀብ ነው የወጣው» አሉ። ዕድሜ ልካችሁን ትጨቃጨቃላችሁ፣ ግን አትፋቱም፣ ማንም አይሞትም ማለት ነው። እማዬ «የእኛስ ምን ነበር የወጣው?» ብትላቸው «ፍጹም ስምምነት» አሉ። እማዬ እጇ ላይ ያለውን ካሳቫ አገላብጣ አየችው። ውጤቱን ለሩሚያቲ ሳደርስላት «ለፀብማ ቀን መቁጠር ምን ያስፈልጋል፤ ከፈለግህ ዛሬ ልጀምርልህ እችላለሁ» ብላለች።

ከትናንት ወዲያ ቅዳሜ አባባ የባቲክ ሸሚዛቸውን ለብሰው፣ ሙዝና የተጠቀለለ ሩዝ በቅርጫት አስይዘው ራሳቸው ሄዱ። ጠየቁ፤ ተፈቀደላቸው። ትናንት እሑድ የሞተር ጠጋኙ ሽማግሌዎች ሲደርሱ የእኛ ቅርጫት ከማዕድ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ጠበቃቸው። ያመጡትን ሙዝ ይዘው መመለስ ነውር ሆኖባቸው ትተውት ሄደዋል። እማማ ሳሪንተን ግማሹን ለእኛ ላኩልን፤ ሙዙ ጣፋጭ ነው፤ ለልጁ አዝናለሁ።

አሁን የቀረሽው አንቺ ነሽ። ታናሽ ታላቁን ዘልሎ ሲያገባ ፈቃድ መጠየቅ፣ መካሻም መስጠት እንዳለበት ከእኔ ይበልጥ ታውቂዋለሽ። አባባ ግን የፋኖሱ ነገር ስላልበረደላቸው «ከመንደሩ ዝርዝር ራስህ የሰረዝካትን ሰው እንዴት አድርገህ ነው ፈቃድ የምትጠይቃት? ጸሐፊ ከሌለ ሰው ፊርማ አይቀበልም» ብለው ያዙኝ። እማዬ ደግሞ «እኔ የወለድኳትን አንተ በእስክርቢቶ ታጠፋታለህ?» አለችኝ፤ እሷ እየቀለደች አልነበረም። ሩሚያቲም እትዬ በገዛ አፏ ይሁን ካላለች ዓመትም ቢሆን እጠብቃለሁ፣ የታላቅ ቅሬታ ተሸክሜ ደጃፋችሁን አልረግጥም ብላለች። ስለዚህ ዳስ አልተጣለም፣ ቀንም አልተቆረጠም።

እንግዲህ ልመናዬ ይኸው፤ ልዝለልሽ? መካሻውን አንቺ ምረጪ፤ ልብስ በይ፣ ሰዓት በይ፣ ያሻሽን በይ። ዋኔውን ብቻ አትጠይቂ፤ የአባባ ነው፣ እንደተረዳሽውም አይዘፍንም። እምቢ ብትዪ አልቀየምሽም። በሃያ ሁለት ዓመትሽ ከዚህ ቤት የወጣሽው እኔ ትምህርቴን እንድጨርስ መሆኑን የትኛውም ቅጽ ስለማይጠይቅ እስከ ዛሬ የትም ቦታ ጽፌው አላውቅም። እዚህ ጽፌዋለሁ።

እማዬ ግንባርሽን ስማለች፤ ወገብሽን በሙቅ ጨው እሰሪው ትልሻለች። አባባ ሰላም ብለውሻል፤ ያለፈው ደብዳቤሽ ላይ ሦስት የፊደል ስሕተት እንዳገኙና ደብዳቤውን ግን ትራሳቸው ሥር እንዳስቀመጡት ልነግርሽ ይገባል። እማማ ሳሪንተን የደረቀ ተምፔ በፖስታ ይሄድ እንደሆነ ይጠይቃሉ። ሩሚያቲ እጅ ነስታለች፤ ሌላ ነገር ጨምር ብላት «እሱን እሷ ይሁን ስትል» አለችኝ። ሹም ሐርቶኖ ሰላምታቸውን በማኅተም ልከዋል። አንቺም ለምትጦሪያቸው እናት ሰላምታችንን አድርሺልን፤ ሾርባው ላይ ጨው ጨምሪላቸው።

ታናሽ ወንድምሽ ፕራሙጂ
ክሌፑሬጆ፣ ሰኞ ሌጊ፣ ጁላይ 15 ቀን 2019

ማረሚያ፦ በዚህ ደብዳቤ የመንደሩ ነዋሪ ቁጥር ስድስት መቶ አሥራ አንድ ነው ተብሎ የተገለጸው ትክክል አይደለም። ሰሌዳው ዛሬ ከቀትር በኋላ ወርዶ ስድስት መቶ አሥራ ሁለት ተብሎ እንደገና ተሰቅሏል። የቀሩት ሃያ ሦስት ተቀናሾች ጉዳይ፣ ታናናሾቻቸው ሊያገቡ እስኪፈልጉ ድረስ በመታየት ላይ ይቆያል። ሹሙ ማስተካከያውን አልፈረሙም፤ በምስክርነት የቀድሞው ጸሐፊ ፈርመዋል። ስሕተቱ የአሁኑ ጸሐፊ ነው።