በአባባ ግራ በኩል

ዓርብ፣ ታኅሣሥ 24

ሰባት ስቆጥር አባባ ወደ ግራ ዘመሙና ግድግዳውን ያዙ። የስፖርት መምህራችን፣ በአንድ እግር ቆሞ እስከ አሥር መቆየት ያቃተው ሰው ለመውደቅ ቅርብ ነው ብሎናል። ይህንን ለእሳቸው አልነገርኳቸውም።

እዚህ ኮኪት የገናን ጨዋታ የሚከፍቱት አያቴ ናቸው። እሳቸው የመጀመሪያዋን ሩር በዱላ ለግተው ሲሰዷት ነው ወጣቱ የሚሯሯጠው። ሰባ አራት ዓመታቸው ነው። ባለፈው ወር ከማሽላው እርሻ ሲመለሱ ወደቁ። እናቴ ደግሞ ታላቅ ወንድሜን ታደለን ነሐሴ ላይ በወባ ቀብራለች። «አንዱን ቀብሬ፣ ዳሌው የተሰበረ ላስታምም? ዘንድሮስ ይቀመጡ፣ አባ» አለቻቸው። ሲለምኗት ዋሉ። በመጨረሻ፣ በገና ዋዜማ በፊቷ በአንድ እግር አሥር ከሞሉ ልትፈቅድ ተስማማች።

ቅዳሜ፣ 25

የዛሬ ሥራ፦ ሳይደገፉ ቆሞ ሱሪ መልበስ። እጅ ሳይጠቀሙ ከወንበር አሥር ጊዜ መነሣት። ተረከዝን ከጣት እያገናኙ በትምህርት ቤቱ የሲሚንቶ በረንዳ መሄድ።

ወንበሩ ላይ ስድስት ደረሱ። «ያረጀው ወንበሩ ነው» አሉኝ። በረንዳው ላይ ግን ቀጥ ብለው ሄዱ፤ በአንድ እግርም አሥራ አንድ። «ተማም» አሉ። በወጣትነታቸው ሱዳን ጥጥ ሲለቅሙ ያመጧት ቃል ናት፤ ነገር ሲቃና ይሏታል። ኮራሁ።

እሑድ፣ 26

ሞኝ ነኝ። ገና የምንጫወተው ሲሚንቶ ላይ ነው እንዴ? ዛሬ ሜዳው ወሰድኳቸው። ዋልካው ደርቆ ተሰነጣጥቋል፤ አንዳንዱ ስንጥቅ እግር ይውጣል። ዱላውን አንሥተው ሲመቱ ወደ ግራ ሄዱ። ያዝኳቸው። ሁለተኛም ወደ ግራ። ሦስተኛም።

«አባባ፣ ግራ እግርዎን ያምዎታል እንዴ?»

«እግሬስ ደኅና ነው» አሉ። ዱላቸውን ተደገፉ። «እዚያ ታደለ ነበር የሚቆመው። ለግቼ ስጨርስ ትከሻው ላይ አርፋለሁ። ሦስት ዓመት እንዲያ ነው።»

ታደለ ይህን ለማንም አልተናገረም። እኔ ከጎናቸው የሚቆመው ሰው እንዲያየው ይመስለኝ ነበር። አንዴ ጉረኛ ብዬዋለሁ።

ዛሬ ጃኬቱን ለበስኩት። እጀታው አሁንም ይረዝመኛል። ሌላ አልጽፍም።

ሰኞ፣ 27

«እኔ ልቁምልዎት?» አልኳቸው።

«አንተ አጭር ነህ።» ሳቅን። ከዚያ ግን የምራቸውን ሆኑ። «እሱ ሄደ። አንተም አንድ ቀን ለትምህርት ጎንደር ትሄዳለህ። በራሴ ልቁም።»

አመታታቸውን ቀየርን። እግር ሰፋ። ከምቱ በፊት ስንጥቁን በተረከዝ መፈለግ። ዱላውን ከወገብ በላይ አለማንሣት። ሩሯ ሩቅ አትሄድም፤ እሳቸው ግን አይወድቁም። ሃያ ጊዜ ለጉ፣ አንዴ ብቻ ተንገዳገዱ።

ማክሰኞ፣ 28

እናቴ ከደጃችን፣ አፈሩ ላይ አቆመቻቸው። ሆን ብላ ቀስ እያለች ቆጠረች። በስምንትና በዘጠኝ መካከል ሽሮ ይበስላል። አሥር ብላ ስታቆም «ቀጥይ እንጂ» አሏት። አሥራ አራት ላይ እግራቸውን አወረዱ።

እናቴ ገብታ የታደለን የገና ዱላ አውጥታ ለእኔ ሰጠችኝ። ዘንድሮ አልጫወትም ብዬ ነበር።

ረቡዕ፣ ገና

ሰው ሜዳውን ሞላው። ለማሽላ አጨዳ ከጎጃም የመጣ አንድ ልጅ «ሽማግሌውን የሚይዝ የለም?» አለ። እኔ በግራቸው ቆሜያለሁ፣ ግን ሦስት እርምጃ ርቄ። እንዲያ ተስማምተናል።

ለጉ። አልወደቁም። ሩሯ ግን ትንሽ ተንከባልላ ስንጥቅ ውስጥ ገባች። ሰው ሳቀ። ያው የጎጃሙ ልጅ ሊያወጣላቸው ሲሮጥ «ተዋት» አሉት። ራሳቸው ሄዱ፣ እግራቸውን ሰፋ አድርገው ጎንበስ አሉ፣ ክንዳቸውን እስከ ክርናቸው ከተቱ። ሩሯን ይዘው ቀና አሉ። ማንንም አልያዙም። ሳቁ ቆመ።

በሁለተኛው ምት እስከ ማሽላው ክምር ሄደች። የታደለን ዱላ ይዤ ሮጥኩ። ዞር ብዬ ሳይ እናቴ በነጠላዋ አፏን ሸፍናለች፣ እሳቸው ቀጥ ብለው ቆመዋል።

ቤት ገብተን ሱሪያቸውን ሲቀይሩ ግድግዳውን ያዝ አደረጉ። አይቻለሁ። እሳቸውም እንዳየሁ አውቀዋል። «ወንበሩን አምጣው፤ ስድስት ላይ ነበርን» አሉኝ።