ላምባ የማይዝ ገንቦ

ሰኞ

ይህ ጉድጓድ አላማረኝም። ከሥሩ የቀበሌው ሰው ሁሉ የሚጠጣው ምንጭ አለ። ያረጀውን የአንበጣ መርዝ፣ ሰባት የሚያንጠባጥብ በርሜል፣ እስከ ቅዳሜ ቅበሩ ተብለናል። የጤና ሠራተኛ ነኝና ሌላ ቦታ ይፈለግ ብል ሹሞቹ «ጓድ ሳኒቴሪያን፣ ትእዛዝ ነው» አሉኝ። እንግዲያውስ ውስጡን በሸክላ አፈር ላስለስን ብዬ ሸክላ ሠሪዋን እማማ የሺን አስጠራሁ። አፈሩን አሽተው ሳቁብኝ። «ውሃ የያዘ ገንቦ ላምባ ይይዛል ያለህ ማነው?»

ማክሰኞ

እውነታቸውን ነው። ትናንት ላምባ የሞላሁት ገንቦ ውጪው ወዝቷል። እሳቸው ላምባ የሞሉት ግን ውስጡ ከሰል በተለወሰ ጭቃ ተለስኗል፤ ደረቅ ነው። መርዙም የሚሟሟው እንደ ላምባ ባለ ዘይት ነው፤ ባዶ ሸክላ አያግደውም። እሰይ! ለምኜ አሥር ጆንያ ከሰል አስፈቀድኩ፤ ከጉድጓዱ አፍ አስቀመጥኩት።

ረቡዕ

ከአሥሩ ጆንያ ከሰል ሰባት ነው ያለው። ሦስቱስ? መጋዘን ጠባቂው ታምራት «ሸክላ ሠሪ አምነህ! ማሰሮዋን ትተኩስበታለቻ» አለኝ። ከጉድጓዱ አፍ የተነሣ የአህያ ኮቴ ዱካ በቀጥታ ወደ እማማ የሺ ደጅ ይወስዳል። ያ ሳቃቸው ያኔም አላማረኝም ነበር። ጭራሽ ዱካውን ለማጥፋት እንኳ አልደከሙም።

ሐሙስ

አራት ጆንያ ብቻ ቀረ። ደሜ ፈላ። ለገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ከሰስኩ፤ መጥሪያ ጻፉልኝ።

ዓርብ

ከማኅበሩ ዘበኛ ጋር ወደ እማማ የሺ ቤት ሄድኩ። ከሩቅ የሙቀጫ ድምፅ ይሰማል። እማማ የሺና ልጃቸው ፊታቸው ጠቁሮ ዓይናቸው ብቻ ይታያል፤ ከሰሉን እየወቀጡ በወንፊት ይነፋሉ። «ድቡልቡሉን ብትለውሰው ጭቃው ይሰነጠቃል። እንደ ጤፍ ዱቄት ካልላመ አይሆንም» አሉ። ከዚያ መጥሪያውን አዩ። ወንፊቱን አስቀመጡ። «ሸክላ ሠሪ ባልሆን ኖሮ፣ መጀመሪያ ትጠይቀኝ ነበር» አሉኝ። ሸክላ ሠሪ ቡዳ ነው ማለት ተረት ነው ብዬ በየስብሰባው የምሰብከው እኔ አይደለሁም? አፈርኩ።

ቅዳሜ

ለስነን ጨረስን። ጭቃውን አብሬያቸው ረገጥኩ። በርሜሎቹ ገቡ፣ አፈር ተመለሰባቸው። «አሁን ምንጩ ዳነ?» አሉኝ፤ ከትናንት ወዲህ የመጀመሪያ ቃላቸው ነው። መዋሸት አልቻልኩም። ከሰሉ መርዙን ያዘገየዋል እንጂ አያስቀረውም አልኳቸው። «ስንት ዓመት?» አሉኝ። አላውቅም።

ወደ ምንጩ ወረዱ፤ ተከተልኳቸው። በቅል ቀድተው አቀበሉኝ። «እንግዲህ በየቅዳሜው መጥተህ ከእኛ በፊት አንተ ትቀምሳለህ» አሉ።

ጠጣሁ። ዓይናቸውን ከፊቴ አልነቀሉም። ለዛሬ ደህና ነው።