ለጌም ቤትህ የማይሆኑ ጌሞች

ለእናቴ ልጅ፣ ለታናሽ ወንድሜ፤

እንደምን ከርመሃል? ጉንፋኑ ለቀቀህ? የአባባ ጉልበትስ እንዴት ነው፣ ደረጃውን ያለ ደጋፊ ይወጣል? ባለቤትህስ፣ አዲሱ ሥራ ተስማማት? ሕፃኗ ጥርስ አበቀለች ወይ? እኔ ደህና ነኝ። «ከናፍቆት በቀር» ብዬ እንዳልጨምር ናፍቆቱም የት እንደገባ አላውቅም። እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ ሥራዬን እሠራለሁ። እማማ ካረፈች ወዲህ ብዙ ተቀምጠውበት እንደደነዘዘ እግር ሆኛለሁ፤ እግሩ አለ፣ ግን የራስ አይመስልም። አለማልቀሴ ቅር እንዳሰኘህ አውቃለሁ። አልመጣ ብሎኝ ነው።

ስልክ ላይ ዝም እያልኩ ስለማስቸግርህ ነው መጻፌ። ባለፈው «ለጌም ቤቴ አዲስ ነገር ጠቁሚኝ፤ ልጆቹን ኳሱ ሰልችቷቸዋል» ብለኸኝ ነበር። ጥያቄው ለእኔ መቅረቡ ራሱ ያስቃል፤ የመብራት ቆጣሪው እየሮጠ ነው እያልኩ ስጨቀጭቅህ የኖርኩ ሰው ነኝ። አሁን ግን ጌም መጫወት ከሥራዬ አንዱ ሆኗል። እንዴት እንደሆነ ልንገርህ።

የማስታምማቸው ሽማግሌ ሰዓት ሠሪ ነበሩ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ዓይን የማያየው ብሎን ሲያጠብቁ ኖረው፣ አሁን እጃቸው ይንቀጠቀጣል፤ ሾርባው አፋቸው ሳይደርስ ግማሹ ይፈሳል። ጠዋት አጥባቸዋለሁ፣ አለብሳቸዋለሁ፣ አንሶላውን እቀይራለሁ። ከምሳ በኋላ መስኮቱ አጠገብ ካለው ኮምፒውተር ፊት እንቀመጣለን፤ እሳቸው ያዛሉ፣ እኔ እጫናለሁ። ትልልቅ ድርጅቶች የሚያወጡትን ጌም አይወዱም። እሳቸው የሚፈልጉት አንድ ሰው ቤቱ ቁጭ ብሎ የሠራውን፣ ማንም ያልሰማውን፣ ግራ የሚያጋባውን ነው።

አንድ ቀን ልጃቸው መጥታ አየችን። አልተቆጣችም፤ ብቻ እኔ የተቀጠርኩት ለማስታመም እንጂ ለጨዋታ እንዳልሆነ ቀስ ብላ አስታወሰቻቸው። እሳቸውም ዓይናቸውን ከስክሪኑ ሳይነቅሉ፣ «እኔ የቀጠርኩት እጅ ነው» አሏት። ከዚያ ወዲህ ስትመጣ ወንበር ስባ ታያለች።

መጀመሪያ የተጫወትነው የመንገድ መብራት የምትሆንበትን ነው። አዎ፣ ምሰሶውን። መራመድ የለ፣ መተኮስ የለ፤ መብራት ወይም መጥፋት ብቻ። ስትበራ ሰዎቹ ዘና ብለው ያልፋሉ፤ ስትጠፋ ይፈጥናሉ፣ አንዳንዶቹ እጅ ለእጅ ይያያዛሉ። ነጥብም የለው፣ ማሸነፍም የለው። ሌላው ደግሞ ጭራሽ ምስል የለውም። ስክሪኑ ጥቁር ነው፤ ቤት ውስጥ በጆሮህ ብቻ ትሄዳለህ። የሚንጠባጠብ ቧንቧ ከሰማህ ወጥ ቤት ደርሰሃል፤ የእግርህ ድምፅ ከጠፋ ምንጣፍ ላይ ወጥተሃል ማለት ነው። ሽማግሌው ዓይናቸውን ጨፍነው «ወደ ግራ፣ ሰዓት ይሰማኛል» ይሉኛል። እኔ አንዳችም አይሰማኝም፤ ዝም ብዬ ወደ ግራ እሄዳለሁ።

ወረፋም አለ። ቢሮ ገብተህ ትሰለፋለህ፤ ከፊትህ ያለው ሰውዬ ስለ አማቱ ያወራልሃል፣ ከኋላህ ያለችው በቦርሳዋ ትገፋሃለች፣ መስኮቱ ጋ ስትደርስ ለምሳ ይዘጋል። በቃ፣ ጌሙ ይኸው ነው። ይሄን ብታወጣላቸው ደንበኞችህ ጆይስቲኩን ግንባርህ ላይ ይሰብሩታል፤ ወረፋማ ከጌም ቤት ውጭ ሞልቶላቸዋል። እኔ ግን ወደድኩት መሰለኝ። የሚጠበቅብኝ መቆም ብቻ ነበር፤ መቆም ደግሞ ሰሞኑን የማያቅተኝ ነገር ነው።

ባለፈው ሳምንት የተጫወትነው ግን ሌላ ነው። የሠራችው አንዲት ሴት ናት፤ ሽማግሌው ስለ እሷ ከዚያ በላይ አያውቁም። ግቢ አለ፣ የተወጠረ ሽቦ አለ፣ አንድ ሳፋ ሙሉ የታጠበ ልብስ አለ። ሥራህ ማስጣት ነው። ልብሱን ስታነሳ የማን እንደሆነ ከሥሩ ይጻፋል፤ የልጁ ሱሪ፣ የአባትየው ሸሚዝ። ትሰቅለዋለህ፣ ንፋስ ይነፋዋል፣ ሌላ ታነሳለህ። እንቅልፍ የሚያመጣ ዓይነት ነው። መጨረሻ ላይ ሳፋው ውስጥ አንድ የሴት ሹራብ ቀረ። አነሳሁት። ከሥሩ ምንም አልተጻፈም።

ጌሙ ይሄን አድርጊ አይልም። ብትፈልግ ትሰቅለዋለህ፣ ብትፈልግ ሳፋው ውስጥ ትመልሰዋለህ፣ ብትፈልግ እንደያዝከው ትቆማለህ። እኔ እንደያዝኩት ቆምኩ። ከሹራቡ ውሃ ጠብ ጠብ ይላል። ሽማግሌው «ደከመሽ?» አሉኝ። አልደከመኝም አልኳቸው።

«እንግዲያው ያዢው። ይሄ ጌም ሰው አያባርርም።»

የመድኃኒታቸው ሰዓት አለፈ። ልጃቸው መጥታ ከኋላችን ቆመች። ምንም አልተሰማኝም ብልህ ይቀለኝ ነበር። ግን እጄን በረደኝ። ስክሪን ነው፣ ውሃ የለም፤ እጄን ግን እርጥብ ልብስ እንደያዘ ሰው በረደኝ። አላለቀስኩም። ሰቀልኩት። ንፋሱ እጅጌውን አነሳው፤ ጌሙም በዚያው አበቃ። ልጃቸው መድኃኒቱን አምጥታ ራሷ ሰጠቻቸው። እኔ ተነስቼ እጄን በሙቅ ውሃ ታጠብኩ።

የእማማን ልብስ ምን እናድርገው ብለህ ስትጠይቀኝ «እንደፈለጋችሁ» ብዬሃለሁ። እሱ መልስ አልነበረም። አባባ ቁም ሳጥኑን አላስነካ እንዳለ፣ አንተም የእኔን ቃል እየጠበቅክ እንደሆነ ይገባኛል። ይኸው ቃሌ። ቀሚሶቹንና ካፖርቱን አክስቴ ትውሰድ፤ ቁመታቸው አንድ ነው። ጫማዎቹን ልክ ለሚሆኗት ሴት ስጥ። ኪሱ የተተረተረውን አረንጓዴ ሹራብ ግን ለማንም አትስጥ፣ ለእኔም አትላከው። እጠበውና ጓሮ አስጣው። አባባ ከተቆጣ እህቴ ናት ያዘዘችኝ በለው፤ ወንበር አውጣለትና አጠገቡ ይቀመጥ። ሲደርቅ ምን እንደሚደረግ አላውቅም። ያን ዕለት ደውልልኝና ንፋስ እንደነበረ ንገረኝ።

ለልጆቹ ኳሱን አትንካባቸው። የግድ አንድ ልሞክር ካልክ ጥቁሩን አድርገው፤ መብራት ቢሄድ እንኳ ቶሎ አይነቁብህም።

አባባን ሁለቱንም ጉንጩን ሳምልኝ፤ ካልተላጨ አንዱ ይበቃል። ለባለቤትህ፣ እማማን እስከ መጨረሻው ስላጠበቻት፣ እኔ ያልነገርኳትን ምስጋና አንተ ንገርልኝ። ሕፃኗን አንገቷ ሥር ሳምልኝ። አክስቴን፣ ስልክ ስትይዝ መጮህ እንደማያስፈልጋት ነግረህ ሰላም በልልኝ። ጎረቤታችንን ልብስ ሰፊውንም እንዲሁ። አንተ ደግሞ ለራስህ እዘን፤ ብዙ አልቅሰሃል። ለሁለታችንም የሚበቃ መስሎኝ ነበር። አልበቃም መሰለኝ።

እህትህ
ከሰዓት ሠሪው ቤት፣ ከመስኮቱ አጠገብ
መጋቢት ፲፬ ቀን