መቶ በመቶ ስለተመለሱልን የጥያቄ ምልክቶች

ለተከበሩ የመሥሪያ ቤታችን የአይሲቲ ዳይሬክተር
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎን ጤና፣ የቤተሰብዎን ደኅንነትና ከመስታወቱ ጀርባ ቀን ከሌት ሲቀዘቅዝ የሚውለውን የሰርቨር ክፍልዎን ሰላም እጠይቃለሁ። እኔ በዚህ የውሃ አገልግሎት መሥሪያ ቤት ምድር ቤት ውስጥ ለአሥራ ስድስት ዓመታት ገቢና ወጪ ደብዳቤ በእጄ ስመዘግብ የኖርኩ፣ ባለፈው ስብሰባ ላይም እርስዎ በፈገግታ «የመጨረሻዋ ደብተር ያዥ» ብለው ያከበሩኝ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነኝ። በግልጽ ለመጻፍ የደፈርኩት በውስጥ የላክሁልዎት አራት ማስታወሻ መልስ ስላላገኘ ሳይሆን፣ ጉዳዩ የደንበኞቻችንንም እርዳታ ስለሚፈልግ ነው። ስለ አራቱ ዝምታዎ ግን ከልብ አመሰግናለሁ፤ ቁጥር ተሰጥቷቸው ፋይል ውስጥ ገብተዋል።

ለማያውቁ አንባቢዎች ስል ጉዳዩ ስለሚመለከተው ሰው ጥቂት ልበል። እዚሁ ምድር ቤት፣ ከእኔ ጋር በተጋራነው ቢሮ ቁጥር 9 ለደንበኞች ቅሬታ መልስ የሚጽፉትን ባልደረባዬን ሁላችንም የምናውቃቸው «ጋሽ ግርጌ» በሚለው ቅጽል ነበር። ቅጽሉ የወጣላቸው በሚልኩት ኢሜይል ግርጌ፣ ከስማቸውና ከስልካቸው በታች፣ ራሳቸው የፈጠሩትን አንድ መስመር ስለሚያኖሩ ነው። ውሃው በስህተት ለተቋረጠበት ሰው በሄደ መልስ ስር «ይህን የጻፍኩት ተቀምጬ ነው፤ እርስዎ ግን ቆመው እንደጠበቁ አውቃለሁ» የሚል ነበር። «መልሴ አይሆንም ነው፤ ማመልከቻዎን ሁለት ጊዜ አንብቤ ያልኩት አይሆንም ነው» የሚለውን ደግሞ አንድ ልብስ ሰፊ አትሞ ሱቁ ግድግዳ ላይ ለጥፎታል፤ የተከለከለው እሱ ራሱ ነበር። በየአሥራ አምስት ቀኑ፣ አርብ ከሰዓት በኋላ፣ ወንበራቸውን ወደ እኔ አዙረው አዲሱን መስመር ያነቡልኝና «አያስከፋም አይደል?» ይሉኛል፤ እኔም አያስከፋም ስል ያስቀምጡታል። እንዲህ እያሉ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት መስመር በኢሜይላቸው ቅንብር (ሴቲንግ) ውስጥ አጠራቀሙ። ከሰባት ወር በፊት አንድ ሰኞ ጠዋት አሞኛል ብለው ከሥራ ወጡ፤ በአራተኛው ቀን አረፉ።

አሁን ወደ አቤቱታዬ ልግባ።

አንደኛ፦ የሠራተኛው ሁሉ የኢሜይል ፊርማ አንድ ወጥ እንዲሆንና በግርጌው «ለላቀ አገልግሎት በላቀ ትጋት!» የሚለው መፈክር እንዲሰፍር ስላዘዙልን ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ከዚያ በፊት ደንበኞቻችን ትጋታችን የላቀ መሆኑን የሚያውቁበት መንገድ አልነበራቸውም። አሮጌው ፊርማ ከመነሳቱ በፊት የሁላችንም የኢሜይል ቅንብር ባክአፕ እንደሚደረግ ቃል ገብተውልን ነበር፤ በእርግጥም አንድ አርብ ማምሻውን ተደርጓል።

ሁለተኛ፦ የባክአፑ ቅጽ ሦስት ፊርማና አንድ ክብ ማኅተም ያለበት፣ ፍላሹም በፖስታ ታሽጎ በብረት ሳጥን የተቆለፈበት ሥነ ሥርዓት እጅግ የሚያስደስት ነበር። ቅጂው ይከፈት እንደሆነ ማየት ብቻ በቅጹ ላይ ቦታ አልተሰጠውም። እዚህ ላይ ራሴን ነፃ አላወጣም። «ተመርምሮ ትክክለኛ ሆኖ ተገኝቷል» ከሚለው በታች ያለው ሦስተኛው ፊርማ የእኔ ነው። ከዓመት ፈቃድ በተመለስኩ ማግስት፣ ሐዘን ላይ ሆኜ፣ የጠረጴዛዬ ወረቀት ቶሎ እንዲያልቅልኝ ብዬ ፈረምኩ። ምንም አልመረመርኩም።

ሦስተኛ፦ በሳምንቱ አዲሱ ሲስተም ሲገባ የሁላችንም ቅንብር ተበላሸ፤ መፈክሩም አብሮ ጠፋ። ባለሙያዎችዎ ከታሸገው ፍላሽ መለሱልን፤ ሪፖርትዎም «የማገገም ሥራው መቶ በመቶ ተሳክቷል» አለ። እውነትዎን ነው፣ የጠፋ ነገር የለም። የእያንዳንዱ ፊደል ቦታ አለ፤ ቦታው ላይ ያለው ግን የጥያቄ ምልክት ነው። የአራት ነጥቡ ቦታ እንኳ የጥያቄ ምልክት ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለሕዝብ የሚወጣው ደብዳቤ ሁሉ በሁለት ረድፍ ጥያቄ ይዘጋል። አንዲት እናት ደብዳቤያቸውን አሳትመው መጥተው «አሥራ አራት ጥያቄ ጠይቃችሁኛል፤ መልስ ሳልሰጥ ቀርቼ ውሃዬ እንዳይቆረጥ ብዬ ነው» ሲሉኝ፣ የቱን አስቀድሜ እንደምመልስላቸው ጨነቀኝ። እርስዎ ጋ ልልካቸው አስቤ ነበር፤ ሊፍቱ አይሠራም።

አራተኛ፦ የሟች የኢሜይል አድራሻ በሦስተኛው ቀን ተዘግቶ እንዲሰረዝ፣ የቀረነው ሠራተኞች ኢንቦክስም በየዘጠና ቀኑ እንዲጸዳ ስለደነገጉ አመሰግናለሁ። ከጽዳቱ ነፃ የሆነው የአመራሩ ኢንቦክስ ብቻ ነው፤ እዚያ ያለው ሁሉ ለታሪክ የሚቀመጥ እንደሆነ ተነግሮናል።

አምስተኛውን ስጽፍ ቀልዱ ያልቅብኛል። ጋሽ ግርጌ አንዲት ልጅ አለቻቸው፣ መድኃኒት ቤት የምትሠራ። ከሐዘኑ በኋላ መጥታ የአባቷን መስመሮች እንድንሰጣት ጠየቀች። እሳቸው ቤት ውስጥ ዝምተኛ ነበሩ አሉ፤ ገብተው፣ ደህና ዋልሽ ብለው፣ ዜና ሰምተው የሚተኙ ሰው። «አባቴ ለውሃ ደንበኛ ይህን ሁሉ ይናገር ነበር፤ እኔ አንዱንም አልሰማሁም» አለችኝ። ክፍልዎም ሳያሳፍራት ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ረድፍ የጥያቄ ምልክት በፍላሽ ሰጥቶ፣ «በሙሉ ተረክቤአለሁ» ብላ እንድትፈርም አደረጋት። ፈረመች። ወደ እኔ ወርዳ ከፋይል መደርደሪያው አጠገብ ቆማ አለቀሰች፤ እኔም አብሬያት አለቀስኩ።

ከዚያ ግን የምልክቶቹ ቁጥር ትክክል መሆኑን አስተዋልን፤ ለዚህ ያለ ምንም ሽሙጥ አመሰግንዎታለሁ። አንድ ፊደል፣ አንድ ጥያቄ። በቃላት መካከል ያለው ክፍተትም አልተነካም፤ ቁጥሮችም በሕይወት አሉ። አንዱ ረድፍ እንዲህ ይላል፦

???? ???? ?? ?????? ?? ???? ?? ??? 9 ????

ዘጠኟን ሳይ ትዝ አለኝ፦ «ቆጣሪው ቢሳሳት ሰው ያርመዋል፤ ሰው ቢሳሳት ቢሮ ቁጥር 9 አለሁ።» በጣታችን ቆጠርነው፤ ልክ ገባ። ሁሉንም አንብበውልኝ ነበርና፣ ከዚያ ወዲህ በየቅዳሜው እኔ አስታውሳለሁ፣ እሷ ትቆጥራለች። አንዱ ሳይገጥም ሲቀር «አባቴ እንዲህ አያበዛም» ትለኛለች፤ አንድ ቃል ስቀንስ ይገጥማል። እስካሁን አንድ መቶ ስምንት ደርሰናል። አሥራ ዘጠኙን ደግሞ ደንበኞች ከስልካቸው ፈልገው አምጥተውልናል።

የመጨረሻው ረድፍ ግን አልተነበበልኝም። ከመታመማቸው በፊት በነበረው፣ ባክአፑም በተደረገበት አርብ እኔ ፈቃድ ላይ ነበርኩ፤ ወንበራቸውን ያዞሩት ወደ ባዶ ጠረጴዛ ነው። ሦስት ቃል ነው፦

??? ????? ?????

ልጃቸው የቤት ስሟ ሦስት ፊደል ነው። የመጀመሪያው ቃል እሱ ይሆን እንደሆነ ጠየቀችኝ። «ቆጣሪ»ም ሦስት ፊደል እንደሆነ ነገርኳት፤ መዋሸት አልቻልኩም። ለብዙ ሰው ትንሽ ነገር ሊመስል ይችላል፣ እሷ ግን ከዚያ ወዲህ ሌላ መስመር መቁጠር ትታለች።

ስለዚህ የተከበራችሁ ደንበኞች፣ ከሰባት ወር በፊት በነበረው በዚያ ሰኞ ጠዋት ከቢሮ ቁጥር 9 ኢሜይል የደረሳችሁ ካላችሁ፣ እባካችሁ ግርጌውን አይታችሁ ምድር ቤት ብቅ በሉ። ከእርስዎ ከክቡር ዳይሬክተር ግን ምንም አልጠይቅም፤ እስካሁን ያደረጉልን ከበቂ በላይ ነው።

የሲስተምዎን ረጅም ዕድሜ፣ የፍላሽዎን መታሸግና የሪፖርትዎን መቶ በመቶነት እየተመኘሁ፣ እጅ ነሥቼ እሰናበታለሁ።

የመጨረሻዋ ደብተር ያዥ፣ ከምድር ቤት

ግልባጭ፦ ለሚመለከተው ሁሉ፣ ለማይመለከተውም

ማስታወሻ፦ ይህን ደብዳቤ ጨርሼ የወጪ ቁጥር ልሰጠው ደብተሬን ስገልጥ አንድ ነገር አገኘሁ። ፈቃድ ላይ ሳለሁ ደብተሩን የያዙልኝ ጋሽ ግርጌ ነበሩ። በዚያ ሰኞ ጠዋት ከቢሮ ቁጥር 9 የወጣው ኢሜይል አንድ ብቻ ነው፤ በገዛ እጃቸው መዝግበውታል። ተቀባይ፦ የአይሲቲ ዳይሬክተር። ጉዳዩ፦ የባክአፑን ቅጂ ፍላሹ ሳይታሸግ ከፍቼ ስላየሁ፣ ፊደላችንን ወደ ጥያቄ ምልክት እየቀየረ መሆኑን ስለማሳወቅ። እኔ የምርመራውን ቅጽ የመዘገብኩት ከዚያው በሚቀጥለው ገጽ ላይ ነው፤ አንድ ገጽ ወደኋላ አልገለጥኩም። እርስዎም እንዳልከፈቱት የማውቀው፣ ከፍተውት ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ ስለማይሆን ነው። የእርስዎ ኢንቦክስ አይጸዳምና አሁንም እዚያው አለ። ማንበቡ ጊዜ የሚወስድብዎ ከሆነ አይጨነቁ፣ ጉዳዩ ጊዜው አልፎበታል፤ በቀጥታ ወደ ግርጌው ይውረዱና ሦስቱን ቃላት ይንገሩን። ልጃቸው ቅዳሜ ትመጣለች።