ዘጠኝ ቀን የዘገየው አቤቱታ

ውድ ጃንዲራ፣

ሦስተኛው መጽሐፌ ወጣ። ጋዜጦቹ «ሊበራሊዝምን ሲያብጠለጥል የኖረው ሰው በስተርጅና ወደ ሕግ የበላይነት ተመለሰ» እያሉ ያሞግሱኛል። ላንቺ አንድ ቅጂ ልልክ ሦስት ጊዜ አሽጌ ሦስት ጊዜ ፈታሁት። ለምን እንደሆነ ልንገርሽ።

ሥልጣን የያዙት ወታደሮች፣ የታሰረ ሰው ፍርድ ቤት ይቅረብ የሚለውን አካልን ነጻ የማውጣት አቤቱታ ለፖለቲካ እስረኛ ከከለከሉ በኋላም አንቺ ጠበቃዋ መጻፍሽን አልተውሽም። ወረቀት ሲያልቅብሽ በዳቦ መጠቅለያ ትጽፊ ነበር። እኔ ደግሞ እዚህ ሬሲፌ ከተማ፣ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ተማሪዎቼ ፊት፣ «ሕግ የጉልበተኛ ጭምብል ነው፤ ጃንዲራ ጭምብሉን ትወለውልለታለች» እያልኩ አስቅብሽ ነበር። ሰምተሽ መጣሽ።

«እንደማይፈቱልኝ መች አጣሁት፣ ኦታሲሊዮ» አልሽኝ። «ግን ፍርድ ቤቱ ሲጠይቃቸው ‹እኛ ጋ ነው› ብለው ይፈርማሉ። የፈረሙበትን ሰው መግደል ይከብዳቸዋል።»

ሳቅሁ።

ያልነገርኩሽ ይኸውልሽ። ኤቫልዶ፣ ያ ከኋላ ወንበር ሆኖ የሚሞግተኝ ተማሪዬ፣ በተያዘ ማግስት እናቱ ዶና ዙልሚራ ቤቴ መጡ። ከስፌት መኪናቸው ተነስተው ነው የመጡት፤ መርፌው ከነክሩ ደረታቸው ላይ ተሰክቶ ነበር። የካጁ ፍሬ ጭማቂ ቀዳሁላቸው፣ አልነኩትም።

«መምህር፣ ጠበቃዋ ዘንድ ልሂድ? ልጄ እርስዎን ነው የሚያምነው» አሉኝ።

«ይቅርብዎ እማማ። አቤቱታው ድራማ ነው። ስምዎን ከማስመዝገብ በቀር የሚፈይደው የለም።»

አመስግነውኝ ሄዱ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል፤ የኔ ግን ወለምታ እንኳ አልነበረም፣ አምኜበት ነው ያልኩት።

አንቺ ዘንድ የመጡት በዘጠነኛው ቀን፣ ጎረቤት ገፋፍቷቸው ነው። በዚያኑ ዕለት አቤቱታውን ጻፍሽ። የወታደሮቹ መልስ «እዚህ የለም» የሚል ነበር፤ ከዚያ ወዲያ ኤቫልዶን ያየው የለም። ተናደሽ «ዘጠኝ ቀን ሙሉ የት ነበሩ?» ብለሽ ስትጠይቂያቸው እኔም የተማሪዬን ወሬ ልጠይቅ መጥቼ ቢሮሽ ውስጥ ነበርኩ። አንዴ አዩኝ። ከዚያ አንገታቸውን ደፍተው «ፈርቼ ነው» አሉ። «እኔ ነኝ የመለስኳቸው» አላልኩም፣ ጃንዲራ።

በወሩ እኔን ያዙኝ። በሁለተኛው ቀን መርማሪው አንድ ወረቀት እያርገበገበ ገባና «አንዲት ሴትዮ አላስቀምጥ አለችን፣ ስምህን ጽፋ» አለኝ። ከዚያ በኋላ አልመቱኝም። ጋዜጦቹ የሚያደንቁልኝ ሐሳብ የመጣው ከዚያ ክፍል እንጂ ከቤተ መጻሕፍት አይደለም። ሕግ ለባለመሬቱ እንደሚያደላ ዛሬም አምናለሁ፣ ያንን አልሰረዝኩም። የሰረዝኩት «ስለዚህ ከንቱ ነው» የሚለውን ነው። ሕግን ጭምብል ያልኩበትን ሁለተኛውን መጽሐፌን ግን ከተፈታሁ በኋላ እንኳ እንዳለ ደግሜ አሳተምኩት፤ ካፈርኩ አይመልሰኝ ብዬ።

ባለፈው ሳምንት ዶና ዙልሚራ የአዲሱ መጽሐፌ ምረቃ ላይ መጡ። በእነዚህ ሃያ ዓመታት አርጅተዋል። መጽሐፉን ዘረጉልኝ፤ ለማን ብዬ ልፈርም ብላቸው «ለኤቫልዶ» አሉ። ስሙን ጽፌ ፈረምኩ። «የፈራሁት እኔ ነኝ፣ እርስዎ ምን አጠፉ» ብለው ጉንጬን ሳሙኝ። አሁንም ይሸፍኑኛል፤ ውሸቱን እሳቸውም ሳያምኑት አልቀሩም።

ይህ ደብዳቤ ቤሌም ከተማ ሳይደርስሽ፣ ቅዳሜ፣ ቤታቸው እሄዳለሁ። እሳቸው እንዳልፈሩ፣ እኔ እንደመለስኳቸው ጎረቤቶቻቸው እየሰሙ እናገራለሁ። ቢያባርሩኝም እውነታቸውን ነው። አንቺም የእነዚያን ዘጠኝ ቀናት ነገር ለሚጠይቅሽ ሁሉ ይህን አንብቢለት። ጥፋቱ እኔ ጋ ነው፤ ፈርሜበታለሁ።

ኦታሲሊዮ