ከድር የጻፈው የእድር ገጽ

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 4፣ ጠዋት

ዛሬም ሆስቲንግ፣ ገጹን የሚያኖርልኝ ሰርቨር ፍለጋ። አንድ ድርጅት ደወልኩ። ልጅቷ ገጹ የተጻፈበትን የፕሮግራም ቋንቋ ስም ሁለቴ አስደገመችኝና ምን ዓይነት ቋንቋ ነው አለች። አልፈረድኩባትም። ከድር የእድራችንን ድረ ገጽ በዚህ ቋንቋ ሲጽፍ እኔም ያልኩት ይህንኑ ነው። ያኔ ቤቴል ኢንተርኔት ቤት ነበረን፣ እኔና እሱ። ደንበኛ ሲጠፋ ኮድ ያስተምረኝ ነበር። ደግ ጊዜ ነበር። አሁን እሱ መርካቶ ጨርቅ ይሸጣል፣ ገጹ እኔ ላይ ቀረ። ያለበት ሰርቨር ወሩ ሲያልቅ ይዘጋል። የዚያ ጊዜ ማስታወሻዬ ነው፣ እንዲጠፋ አልፈልግም።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 6

አዲስ ኤዲተር፣ የኮድ መጻፊያ ጫንኩ። ቋንቋውን አያውቀውም፣ ሁሉንም በአንድ ቀለም ደፈነው። ሌላ ሞከርኩ። ይሄኛው ቀለሙን ለየ፣ አማርኛውን ግን ባዶ ሳጥን አደረገው። የከድር ማሳሰቢያዎች ደግሞ ሁሉም በአማርኛ ናቸው። ሦስተኛው ሁለቱንም ቻለ። "እዚህ ጋ እንዳትነካ፣ መጀመሪያ ምሳ ብላ" ይላል አንዱ መስመር። ብቻዬን ሳቅሁ። ወዲያው ከፋኝ።

ሆስቲንግም ተገኘ፣ ውጭ አገር። በዶላር ካርድ ክፈል ይላል። ከየት ላምጣ።

ዓርብ፣ ጥቅምት 7

ተስፋ ቆረጥኩ። ገጹን ሰው ሁሉ በሚያውቀው ቋንቋ እንደ አዲስ ጀመርኩት። ለሙከራ የእኩለ ቀን ቀብር ማስታወቂያ አስገብቼ ለእድሩ ዳኛ ለጋሽ ታደሰ አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አስተካክለው አነበቡ። ሊመሽ ሲል፣ በአሥራ ሁለት ሰዓት ማን ይቀብራል አሉኝ። የፈረንጁን ሰዓት ወደ እኛ መቀየር ረስቼ ኖሯል። ከድር ያኔ አልረሳም። አፈርኩ።

ደወልኩለት። ያ ነገር እስካሁን አለ እንዴ ብሎ ሳቀ። ጣለው አለኝ። እንዲህ በቀላሉ። ስልኩን ስዘጋ እንባዬ መጣ።

እሑድ፣ ጥቅምት 9

ከድር ሳይነግረኝ መጣ። ከዓለም ባንክ ሰፈር በታክሲ፣ ሙዝ ይዞ። ኮዱን ከፈትኩለት። ረስቶታል። ይሄ መስመር ምን ይላል እያለ ይጠይቀኛል፣ እሱ ያስተማረኝን መልሼ ለእሱ አስረዳዋለሁ። የሰዓቱን ክፍል አብረን ወደ አዲሱ አሻገርነው። ሠራ።

ሲወጣ ገና ብዙ ይቀራል፣ በሚቀጥለው እሑድ እመጣለሁ አለ። ብዙ አይቀርም። ነገ ከሰዓት ብቀመጥ እጨርሰዋለሁ። አልነገርኩትም። አሮጌው ገጽ ይዘጋ፣ ግድ የለም። አዲሱን ግን እሑድ ሳይደርስ አልነካውም።